ጫማ ከተሰቀለ በኋላ

ሉዋል ዴንግ በጥቅምት 2019 ጫማውን ሲሰቅል ዕድሜው 34 ነበር። (በኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው።) 15 የውድድር ዘመን በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ፣ 902 ጨዋታ፣ በጨዋታ በአማካይ 14.8 ነጥብ። የቅርጫት ኳስ ሰው ይህን ሲሰማ መልካም የሥራ ዘመን ነው ይላል፤ ከታላላቆቹ ተርታ ግን አያሰልፈውም። ብዙም ሳይቆይ ዴንግ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። አገሪቱ ጣሪያ ያለው አንድ የመጫወቻ አዳራሽ እንኳ አልነበራትም። አምስት ዓመት ሳይሞላ የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ፓሪስ ኦሊምፒክ ገብቶ ፖርቶ ሪኮን አሸነፈ። ዴንግን በነጥቡ ብዛት ብቻ የሚመዝን ሰው ትልቁን ሥራውን ሳያይ ያልፋል።

በአዊዋ አዘና ተቀምጦ ስለ ኤንቢኤ መጻፍ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። አዊ ውስጥ ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚታየን ፈረስና ሩጫ ነው። ከጎረቤታችን ከጥሊሊ የወጣው የኔው አላምረው በ2011 ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27.26 ሰከንድ ጨርሷል፤ በ2013 ደግሞ የ5,000 ሜትር የዳይመንድ ሊግ አሸናፊ ሆኗል። ይህንን ልጆቻችን ያውቁታል፣ ይመኙታልም። ቅርጫት ኳስ ግን የሩቅ አገር ረጃጅም ሰዎች ጨዋታ ይመስለናል፤ ቁመት የሰጠው የሚጫወተው፣ ያልሰጠው በቴሌቪዥን የሚያየው። የአፍሪካ ቅርጫት ኳሰኞችን ታሪክ ከመነሻው ስንከተል የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ቁመት ለአንድ ሰው ይጠቅማል። ትውልድ የሚያወጣው ግን ቀድሞ የወጣው ሰው ከጨዋታ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ይህም ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ጨዋታው ከጅምሩ የአስተማሪ ፈጠራ ነው። በታኅሣሥ 1891 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ብርድ ቤት ውስጥ የዘጋባቸውን ተማሪዎች የሚያጫውት ነገር አጣ። ሁለት የኮክ መያዣ ቅርጫት ከፎቁ ሰገነት ላይ ቸነከረ፣ 13 ሕግም ጻፈ። ጨዋታው በየአገሩ የተሠራጨው በዚያው ማኅበር በኩል ነው፤ በአዲስ አበባም የቀድሞ ተጫዋቾች ስለ ቅርጫት ኳስ ሲያወሩ ወወክማን ሳያነሱ አያልፉም። ከአፍሪካ ወጥቶ በአሜሪካ ሊግ ስሙን የተከለ ሰው ለማየት ግን ወደ አንድ መቶ ዓመት ገደማ መጠበቅ ነበረበት።

ያ ሰው ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዋን ነው። ሌጎስ ውስጥ የእጅ ኳስና እግር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ፣ ቅርጫት ኳስን የጀመረው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው። በ1984 የድራፍት ምርጫ ከሁሉ ቀድሞ ተጠራ፤ ያ ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ የተጠራበት ምርጫ ነው። ከሂዩስተን ጋር በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮና ወሰደ። ወደ ቅርጫቱ የተወረወረ ኳስ በመመለስ 3,830 ጊዜ ተመዝግቦለታል፤ እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። ሁለተኛው 3,289 ያለው ኮንጎአዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነው። በዚያ ሊግ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ታላላቅ ኳስ መላሾች አፍሪካውያን መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኦላጁዋን በ2002 ከተሰናበተ በኋላ በሂዩስተን የመሬትና የሕንፃ ንግድ ገባ፤ የእግር አጣጣል ጥበቡን ሊማሩ የሚመጡ ዝነኛ ተጫዋቾችንም ያሠለጥን ነበር።

ከኦላጁዋን ቀጥሎ የመጣው ማኑት ቦል ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የእሱ ሕይወት የደቡብ ሱዳንን ታሪክ ሁሉ ይዟልና።

ማኑት የዲንካ ልጅ ነው፤ ቱራሌይ በሚባል መንደር ከብት ሲጠብቅ አደገ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር። በዋውና በካርቱም ከተጫወተ በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሰልጣኝ አይቶት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1985 ዋሽንግተን ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 397 ኳስ መለሰ። የሥራ ዘመኑን በሙሉ ስንደምረው 1,599 ነጥብ አስቆጥሮ 2,086 ኳስ መልሷል። ካስቆጠረው የመለሰው የሚበልጥ ተጫዋች ማለት ነው። ተመልካቹ ቁመቱን ሊያይ፣ በቅጥነቱ ሊስቅ ይመጣ ነበር። እሱ ግን የሚያገኘውን ገንዘብ ወደ አገሩ ይልክ ነበር፤ ለስደተኞች፣ ለተራቡ፣ ለደቡብ ሱዳን የነፃነት ትግል። ያ ትግል በዚያን ዘመን መደገፊያው ኢትዮጵያ ነበረች። በጋምቤላ ኢታንግና ፒኝዶ፣ እንዲሁም በዲማ ካምፖች በእግራቸው የመጡ የደቡብ ሱዳን ልጆች ሞልተው ነበር፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ እነዚያ ልጆች እንደገና ተበተኑ። ከመካከላቸው በኢታንግ በኩል ያለፈው ጌር ዱዋኒ አሜሪካ ደርሶ በዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ፤ በኋላ የፊልም ተዋናይ ሆነ።

ማኑት ከጨዋታ ሲወጣ ሀብቱ አልቆ ነበር። ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ ካርቱም ውስጥ የሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦለት ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ቢጠየቅ እምቢ እንዳለ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በግብፅ አድርጎ በስደተኝነት አሜሪካ ገባ። ለአገሩ ልጆች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲል ያልሆነው ነገር የለም፤ በቴሌቪዥን ቦክስ ተጋጠመ፣ የበረዶ ሆኪ ቡድን ማሊያ ለበሰ፣ ኢንዲያና ውስጥ የፈረስ ጋላቢ ልብስም ለብሶ ቀረበ። ፈረስና ፈረሰኛ በሚከበርበት በእኛ አገር ይህን የሰማ ሰው ልቡ ማዘኑ አይቀርም። አንድ ታላቅ ሰው ለወገኑ ሲል ክብሩን ለመሣቂያ አሳልፎ ሰጠ። በ2004 የመኪና አደጋ ክፉኛ ጎዳው፤ በሰኔ 2010 በ47 ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ የለፋው በትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ለማሠራት ነበር። ገንዘቡ አልቋል፤ አንድ ነገር ግን አልጠፋም፤ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ሙቶምቦ ሌላ መንገድ ያዘ። ኪንሻሳ ተወልዶ በ1987 ሐኪም ለመሆን በስኮላርሺፕ ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ወደ ሜዳ ሳቡት፤ እሱም ሕክምናውን ትቶ የቋንቋና የዲፕሎማሲ ትምህርት ጨረሰ። በ1991 ዴንቨር ወሰደው። በ1994 ስምንተኛ ሆኖ ያለፈው ዴንቨር አንደኛ የነበረውን ሲያትልን ሲጥል፣ ሙቶምቦ ኳሷን ከራሱ በላይ ይዞ መሬት ላይ ተንጋሎ ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ዛሬም ይታያል። አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። እናቱ ቢያምባ ማሪ ኪንሻሳ በታወከበት ሰሞን ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። ልጇ በስሟ ባለ 300 አልጋ ሆስፒታል አሠርቶ በ2007 ሥራ አስጀመረ፤ ከራሱ ኪስ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶበታል። በጨዋታው ምክንያት ሐኪም መሆን የቀረበት ሰው፣ ከጨዋታው ባገኘው ገንዘብ ሐኪሞች የሚሠሩበትን ቤት ሠራ። በመስከረም 2024 በ58 ዓመቱ አረፈ፤ ሆስፒታሉ በሽተኛ መቀበሉን ቀጥሏል።

አሁን ወደ ዴንግ እንመለስ።

ሉዋል ዴንግ በ1985 ዋው ተወለደ። አባቱ አልዶ ዴንግ የፓርላማ አባልና ሚኒስትር ነበሩ፤ ከ1989 የሱዳን መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ታሠሩ፤ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። እዚያ ታላቅ ወንድሙን አጁን ቅርጫት ኳስ ያስተማረው፣ ትንሹንም አይዞህ ያለው ማን ነው? ማኑት ቦል። ወደ በኋላ አመጣዋለሁ ያልኩት ይህንን ነው። ማኑት ገንዘቡን በጨረሰበት አገር ጉዳይ ላይ በመጨረሻ ትልቁን ፍሬ ያፈራው ለአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ልጆች የሰጠው ጊዜ ሆነ።

ቤተሰቡ በእንግሊዝ ጥገኝነት አገኘ። ልጁ በደቡብ ለንደን በብሪክስተን ክለብ በአሰልጣኝ ጂሚ ሮጀርስ እጅ ገባ፤ በ14 ዓመቱ ኒው ጀርሲ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተሻገረ። በ2003 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተጫዋቾች ደረጃ ሲወጣ ከእሱ በላይ የነበረው ሌብሮን ጄምስ ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2004 ድራፍት ሰባተኛ ተመረጠ፤ ቺካጎ ገባ፤ አሥር ዓመት ገደማም እዚያ ቆየ።

የዴንግ ጨዋታ ለዓይን የሚያብረቀርቅ አልነበረም። የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂ ይይዛል፣ ክፍት ቦታ ይሮጣል፣ አይደክምም። በ2011–12 እና በ2012–13 ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ በጨዋታ ብዙ ደቂቃ የተሰለፈው እሱ ነው፤ በእነዚያው ዓመታት ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በ2012 የግራ እጁ አንጓ ጅማት ተበጥሶ ሳለ ቀዶ ሕክምናውን አዘግይቶ፣ ላስጠለለችው አገር ለብሪታንያ በለንደን ኦሊምፒክ ተጫወተ። በ2013 የማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከአከርካሪው ፈሳሽ ሲወሰድ ያጋጠመው መዘዝ ከጥሎ ማለፉ አስቀረው። በጥር 2014 ወደ ክሊቭላንድ ተዛወረ፤ ከዚያ ማያሚ፤ በ2016 ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ገንዘቡ ትልቅ ነው፤ የመጫወቻ ዘመኑ ግን እያለቀ ነበር። በ2017–18 አንድ ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በሚኒሶታ 22 ጨዋታ ጨምሮ በቃኝ አለ።

ብዙ ደቂቃ የሚያሰልፉት ተጫዋች ገላው ቶሎ ያልቃል። በ34 ዓመቱ ጉልበቱ የተሟጠጠ፣ ኪሱ የሞላ፣ ከፊቱ አርባና ሃምሳ ዓመት ያለው ሰው ምን ይሥራ? ይህ ጥያቄ የእኛን ሯጮችም ይጠይቃል። የዴንግ መልስ ከገንዘቡ ጋር ራሱንም መስጠት ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ ወጥታ በ2013 የዓለም ቅርጫት ኳስ ማኅበር የፊባ አባል ሆነች። ልጆቿ ግን ዓለም ላይ ተበትነዋል፤ አንዱ ከካኩማ ካምፕ አውስትራሊያ የደረሰ፣ ሌላው ካርቱም ተወልዶ በግብፅ አድርጎ አሜሪካ ያደገ። ዴንግ ስልክ እየደወለ ሰበሰባቸው፤ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ የልምምድ ቦታውን ከኪሱ ከፈለ። በተጫዋችነቱ የሚያውቀውን ሮያል አይቪን አሰልጣኝ አደረገ። በ2021 የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። በ2023 የዓለም ዋንጫ ማኒላ ላይ ቻይናን 89 ለ69፣ አንጎላን 101 ለ78 ረቱ፤ 17ኛ ወጥተው፣ ከአፍሪካ ቡድኖች የበለጠውን ውጤት ይዘው የኦሊምፒክ ቲኬት ቆረጡ።

በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካ ያሸነፈቻቸው 101 ለ100 ነው፤ አንድ ነጥብ። ከስምንት ቀን በኋላ በኦሊምፒኩ ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወቱ ሲቆሙ የተዘመረው የሌላ አገር፣ የሱዳን መዝሙር ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትክክለኛው እስኪመጣ ቆሙ፤ ከዚያ 90 ለ79 አሸነፉ። በዚያ ቡድን ውስጥ የ17 ዓመቱ ካማን ማሉዋች ነበረ፤ በስደት ኡጋንዳ አድጎ፣ ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ሠልጥኖ፣ ዴንግ ወደተማረበት ዱክ ገብቶ በ2025 ድራፍት አሥረኛ ተመረጠ። ከማኑት ወደ ዴንግ፣ ከዴንግ ወደ ማሉዋች አርባ ዓመት ነው። ማኑትን ያገኘው በአጋጣሚ የመጣ እንግዳ አሰልጣኝ ነው፤ ማሉዋችን ይጠብቁት የነበሩት የራሱ አገር ሰዎች ናቸው።

በዚሁ ቡድን ውስጥ እኛን የሚነካ አንድ ስም አለ፤ ኑኒ ኦሞት። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ናቸው፤ ኬንያ ተወልዶ ሚኒሶታ አደገ። በ2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በዓለም ዋንጫውም በፓሪስም የለበሰው የደቡብ ሱዳንን ማሊያ ነው። በልጁ አልፈርድም፤ የጠራው ፌዴሬሽን ነበረ፣ ሄደ። የሚያሳዝነኝ ከእኛ በኩል ስልክ የሚደውል ዴንግ አለመኖሩ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ኢትዮጵያ አጥታ ታውቃለች እንዳይባል፣ ከዴንግ በፊት ስልሳና ሰባ ዓመት ቀድሞ የነበረውን እናስታውስ። ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ነበሩ። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ከወሰደው ብሔራዊ ቡድን ኋላ የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሩ፣ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካም በር ዘግተው አስቀሩ። በዚያው የፍጻሜ ጨዋታ ጎል ያገባው የጎንደሩ መንግሥቱ ወርቁም ጫማውን ሰቅሎ አሰልጣኝ ሆነ፤ በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ቀረበ። እነዚህ ሰዎች የጨዋታ እውቀታቸውን ወደ ተቋም አስገብተውታል። በሩጫም ኃይሌ ገብረሥላሴ ከ2016 እስከ 2018 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መራ፤ ደራርቱ ቱሉ ተቀበለችው፤ በ2024 መጨረሻ ስለሺ ስህን ተረከበ። ሆቴልና ሕንፃ መሥራት ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ሯጭ እግሩ ውስጥ ያለውን እውቀት ለሠፈሩ ልጅ የሚያወርሰው በሕንፃ አይደለም።

አዊ ውስጥ የመደራጀት ልምድ እንግዳ አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ጀምሮ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይፈርስ ቆሟል፤ ጥር 23 ሲደርስ ፈረሰኛው ተሰልፎ ይወጣል። አዘና ራሷ ከሰባቱ ቤቶች የአንዱን ስም የያዘች ናት። በዚህ ማኅበር ሽማግሌው ፈረሰኛ ከመጋለብ ሲያርፍ ከማኅበሩ አይወጣም፤ ልጁን ኮርቻ ላይ ያወጣል፣ ሥርዓቱን ያስጠብቃል። ዴንግ በአምስት ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በኳስ መሆኑ ነው።

ጨዋታውም ከምንገምተው በላይ ቅርብ ሆኗል። ሙሉው ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ከባድ ነው። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ ግን ባለ ሦስት ሰው ቅርጫት ኳስ ራሱን የቻለ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። 15 በ11 ሜትር የሆነ ለጥ ያለ ሲሚንቶ፣ አንድ ምሰሶ፣ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ አንድ ቀለበት ይበቃዋል። ሦስት ለሦስት ይጋጠማሉ፣ በየቡድኑ አንድ ተቀያሪ አለ፤ አሥር ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ፣ ቀድሞ የደረሰው ይገታዋል። ኳሷ ለወንድም ለሴትም አንድ መጠን ናት፤ ስለዚህ ለሴቶች ልጆች ሌላ ኳስ እስኪገዛ አይጠበቅም። የአዘና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የዳንግላ፣ የእንጅባራ፣ የጥሊሊ ልጆች በየወሩ እየተዘዋወሩ ቢጋጠሙ የሚያስፈልገው መኪናና ዳኛ ነው። ዳኛ የሚሆኑ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህራን በየከተማው አሉ፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ከ2010 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ወዲህ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ዝናብ ሲበዛ ሲሚንቶው ውኃ እንዳይዝ መጠነኛ ተዳፋት ይሰጠው፤ ቀለበቱ ላይ ልጆች ስለሚንጠለጠሉ ምሰሶው በደንብ ይቀበር። ቦታውን ወረዳውና ትምህርት ቤቱ ተነጋግረው ዘንድሮ ሊወስኑት ይችላሉ።